ሁለት ጊዜ «ብላ» ያለች ሴት

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እስኪመለስ ሻማ ይለኮስ የሚል ካለ ዝም ይበል፤ ይህ ታሪክ በጨለማ ነው የሚወራው። በሩ ተዘግቷል? እስቲ አንዳችሁ እዩት። ጥሩ። እንግዲህ ስሙኝ።

ሰዓቱ ስንት ነበር? እኩለ ሌሊት ያለ ተሸወደ። እኩለ ሌሊት የእኛ አገር ጋኔን ሰዓት ነው። ይህ የሆነው በእንግሊዝ አገር ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር የራሱ የሥራ ሰዓት አለው፣ ሙታንም ጭምር። የሆነው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቀን አልኩ እንጂ ፀሐይዋን ያያት የለም። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ተኝቷል። መንገዱ ጠባብ ነው። በግራ የእሾህ አጥር፣ በቀኝ የእሾህ አጥር፣ አጥሩም ከሰው ቁመት ይበልጣል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። ርቦታል።

ስሙ ወንድይፍራው ነው። እናቱ ስሙን ስታወጣ ወንድ ይፍራው አለች፤ ስለ ሴት ያለችው ነገር የለም። ዛሬ ቢሆን ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ጋሽ ወንድይፍራው፣ አንቱ፣ ነበር የምላቸው። ያኔ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜና በዚያ ረሃብ አንቱ የሚባል ሰው የለም። ስለዚህ እሱ እያልኩ ልቀጥል።

መንግሥት የበግ እርባታ ተማር ብሎ ነው የላከው። የወረደበትን መንደር ስም አልነግራችሁም። ረስቼው አይደለም፤ ሄዶ የሚሞክር አይጠፋም ብዬ ነው። አገሩ ለምለም ነው። በጉ ከሰው ይበዛል። ታዲያ በዚህ ሁሉ በግ መሀል ሰው እንዴት ይራባል? ደግ ጥያቄ ነው። በይሉኝታ ይራባል።

ቤት ያከራዩት ሚስስ ፕሬንቲስ የሚባሉ ባል የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ደግ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። የመጀመሪያው ማታ ድስቱን ይዘው አጠገቡ ቆሙ።

«ድንች ልጨምርልህ?» አሉት።

«አይ፣ በቃኝ። አመሰግናለሁ» አለ።

እናንተም እንዲሁ ነበር የምትሉት። እኛ ዘንድ «በቃኝ» የጨዋታው መጀመሪያ ነው። «ኧረ በሞቴ!» ይከተላል። «ኧረ አፈር ስሆን!» ይከተላል። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁ» ተብሎ ይበላል። ሚስስ ፕሬንቲስ ግን «እሺ» አሉና ድስቱን ከደኑት። ከደኑት! የክዳኑ ድምፅ እስከ ሽምግልናው ከጆሮው አልወጣም።

በማግሥቱም እንዲሁ። በሳልስቱም እንዲሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ ተጠየቀ፣ አንድ ጊዜ እምቢ አለ፣ ድስቱ ተከደነ። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ አበጀ። ለምን እሺ አይልም የምትሉኝ እናንተ ናችሁ? ቅድም እራት ሲቀርብ ስንቴ ለምኛችሁ ነው የበላችሁት?

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

«ነገ እህቴ ዘንድ እውላለሁ» አሉ ሚስስ ፕሬንቲስ። «ለምሳ ቀዝቃዛ ነገር ልተውልህ?»

«አይ፣ አይቸገሩ።»

«እሺ» አሉ። አልተቸገሩም። ግን ደግ ናቸው ብያችኋለሁ፤ የሚበላበትን ቦታ ነገሩት። «ነጩ አጋዘን ሂድ። የእሁድ ጥብሳቸው ስም ያለው ነው። በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ብቻ ከስምንት ሰዓት በፊት ድረስ።»

አሁን ይህን ልብ በሉ፤ ለመንገደኛ ይጠቅማል። በእንግሊዝ ገጠር ምግብ ቤት ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም፤ የሚበላው መጠጥ ቤት ነው። የመጠጥ ቤቱ ስም ወይ እንስሳ ነው፣ ወይ ዘውድ ነው፣ ወይ የእርሻ ዕቃ። ቢራው ለብ ያለ ነው፤ ያሞቀው ሰው ያለ እንዳይመስላችሁ፣ ወጉ ነው። ጥብሱ ግን ጥብስ ነው፤ ስቡ ላዩ ላይ ይንጫጫል። የሚከፈተው ታዲያ ሲርባችሁ አይደለም። ሕግ ሲፈቅድ ነው። በዚያ ዘመን እሁድ እሁድ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ይከፈታል፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጥርቅም። በእነዚህ አምስት ሰዓታት ውስጥ የራበው ሰው ይጸልያል።

ወንድይፍራው በጠዋት ተነሣ። ኮቱን ለበሰ፣ ወጣ። ጉም ነው። መንገድ ላይ ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ አገኘና አቅጣጫ ጠየቀ። ሽማግሌው በጣም ጥሩ አድርጎ አስረዳው። «ማረሻው ጋ ስትደርስ ወደ ግራ፣ ደወሉ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ፣ ቀበሮውን አልፈህ ቀጥ በል» አለው። ወንድይፍራው ማረሻ ፈለገ። ደወል ፈለገ። ቀበሮም ፈለገ፣ ዱላ ይዞ። ሁሉም የመጠጥ ቤት ስም መሆናቸው የገባው ሁለት ሰዓት ከባከነ በኋላ ነው።

ነጩ አጋዘን ሲደርስ ለስምንት አሥር ጉዳይ ነበር። ውስጡ ይሞቃል። ባለቤቱ ሚስተር ሆስኪን የሚባል፣ ፊቱ ቀይ፣ ክንዱ እንደ ምሰሶ የሆነ ሰው ነው። የጥብሱን ሽታ ወንድይፍራው ሲያወራው ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

«ዕድለኛ ነህ» አለው ሚስተር ሆስኪን። «አንድ ሳህን ጥብስ ቀርቷል። ልስጥህ?»

ምን ቢል ጥሩ ነው?

«የሚያስቸግር ከሆነ ይቅር» አለ።

«እሺ» አለ ሚስተር ሆስኪን። ሳህኑንም ምድጃው አጠገብ ለተቀመጠ ገበሬ ሰጠው። ገበሬው «ይሁን» አለ፤ በላ። ስቡን ለውሻው ጣለለት። ወንድይፍራው ለብ ያለ ቢራውን ይዞ ውሻውን አየው። ውሻው እምቢ አላለም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ደወሉ ተደወለ። «ሰዓት ደርሷል፣ ክቡራን!» አለ ሚስተር ሆስኪን። ክቡራኑ ወጡ። ወንድይፍራውም ወጣ። በሩ ከኋላው ተቆለፈ፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማው።

ባዶ ሆድ፣ ቢራ፣ ጉም። መንታ መንገድ ላይ ደረሰ፤ በየትኛው እንደመጣ ጠፋው። አንዱን ያዘ። ያልሆነውን ያዘ። አጥሩ በግራም በቀኝም ከፍ እያለ መጣ። ወፍ የለም። በግ የለም። በዚያ አገር በግ የማይሰማበት ቦታ ካገኛችሁ ተመለሱ። እሱ ግን አልተመለሰም፤ አገሩን ገና አላወቀውም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የበግ ቅቅል ሽታ። ድንች አለበት፣ ካሮት አለበት፣ ቅጠሉን ለይቶ አላወቀውም። ቆመ። አሸተተ። ረሃብ ነው አለ፤ ሄደ። ሽታው አብሮት ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ነው። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ከአናቱ በላይ የእንጨት ሰሌዳ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ነፋስ ነበር? አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ድስት ተሥሏል፤ ቀለሙ ግን ታጥቦ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ ብርሃን። ትንሽ መስኮት፣ ቢጫ ብርሃን። ከዚያ በር። በሩ ክፍት ነው።

ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሊሆን ነው። እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ክፍት መጠጥ ቤት! በዚህ ጊዜ እንግሊዛዊ ቢሆን ይሮጥ ነበር። ወንድይፍራው ገባ።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። እሳት ይነድዳል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ከድስቱ አጠገብ አንዲት አሮጊት ቆማለች። ሽርጧ ነጭ ነው፤ ፊቷም ከሽርጧ አይለይም። እንግዳ ጠባቂ ትመስላለች። ብዙ የጠበቀች ትመስላለች።

«ግባ፣ ልጄ» አለችው በእንግሊዝኛ። «ብላ።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን ነው የበላሁት» አለ። ሆዱ ውሸታም ሲለው ተሰማ። ከዚያ የለመደውን ጠበቀ። «እሺ» እስክትል፣ ክዳኑ እስኪገጠም ጠበቀ።

አላለችም። ዓይኑን አየችውና «አልበላህም» አለች። «ብላ።»

ሁለተኛ ጊዜ! ሰው ጉድ ይላል እኔ ምን ልበል? ወንድይፍራው እንባው መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ አገር ሁለት ጊዜ ብላ ያለው የመጀመሪያው ሰው! መጠርጠር የነበረበት እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ያለ እንግሊዛዊ ሁለት ጊዜ ብላ አይልም። እሱ ግን አልጠረጠረም፤ አገሩ የገባ ነው የመሰለው። የእናቱ ልጅ ነውና ወጉን አደረሰ።

«ኧረ ይተዉ፣ በእውነት አልራበኝም» አለ።

ይህን ሲል እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። እሳቱ ይነድዳል፤ እጁ ግን አልሞቀም። ጠጋ አለ። አልሞቀም። ሴትዮዋ ሳህን ልታመጣ ሄደች። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ የእሱ ጫማ ሲገባ ሲንኳኳ ነበር፣ የእሷ አይንኳኳም። ቅቅሉን ጨለፈች፣ ፊቱ አስቀመጠች። ሽታው አለ። እንፋሎቱ የለም።

አየ? አየ። ገባው? ሆዱ እንዲገባው አልፈቀደለትም።

«ብላ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ። አሁን ድምጿ ልመና አልነበረም። ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«እንግዲህ ካሉ፣ እሺ» አለ። «እጄን ልታጠብና።»

ይኸውላችሁ፣ ሰው እጁን ሳይታጠብ አይበላም። የውሃ ነገር ብትጠይቁት ውጭ፣ ደጃፉ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለ የከብት ገንዳ አይቶ ነበር። ወጣ፤ ጎንበስ አለ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። እጁን አራገፈና ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ።

ጣሪያ የለም።

ግድግዳው ወገቡ ድረስ ፈርሷል። እሳቱ በነበረበት ዛፍ በቅሏል፤ ወፍራም ዛፍ፣ የአንድ ትውልድ ዛፍ። ጠረጴዛው የወደቀ ድንጋይ ነው። ወለሉን ሳማ ውጦታል። በሳማው መሀል ሴትዮዋ ቆማለች፣ ሳህኑን እንደያዘች። ሳማው አይጎነበስላትም። በውስጧ ያልፋል።

ሮጠ ብላችሁ ነው? አልሮጠም። አሰበበት! ራሱ ነው የተናገረው። ጣሪያ የሌለው ቤት ከዚህ በፊት አይቷል፤ እንዲህ የሚሸት ቅቅል ግን ሦስት ሳምንት አልቀመሰም። አንድ እግሩ ወደ መንገዱ፣ አንድ እግሩ ወደ ድስቱ፤ እንዲሁ ቆመ።

እሷ መጣች። ሳትራመድ መጣች። ደጃፉ ላይ፣ በሩ በነበረበት፣ ደረሰችና ቆመች። ከሳህኑ በጣቶቿ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ እጇን ዘረጋች። አሁን ስሙኝ። እስከዚህ ድረስ የተናገረችው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር።

«ልጄ» አለች በአማርኛ፣ በጠራ አማርኛ። «በሞቴ። አንዲት ጉርሻ።»

ወንድይፍራው የገንዳውን ጠርዝ ያዘ። አማርኛውን ማን አስተማራት? ሞት ቋንቋ አይቸግረውም ይሆናል። ደግሞም «በሞቴ» ያለችው! እኛ በሞቴ የምንለው ለወጉ ነው። እሷ የምትለውን ታውቃለች።

መሮጥ ፈለገ። ግን እጇን አየው። ጣቶቿ ብርድ እንደመታው ሰው ጣት ጠቁረዋል። የተዘረጋ ጉርሻ ነው። የተዘረጋ ጉርሻ የሚመልስ ሰው ታውቃላችሁ? ከፍርሃቱ ይልቅ ነውሩ በለጠበት። ምናልባትም፣ እሱ አይናገረውም እንጂ፣ አዘነላት።

ዓይኑን ጨፈነ። አፉን ከፈተ።

ጎረሰ።

አፈር ነው። እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ሥራ ሥር ያለበት የመቃብር አፈር። ጥርሱ መሀል ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ሊተፋው ነበር። የሰው ጉርሻ ግን ይተፋል? አይተፋም። ዋጠው። ጉሮሮውን እየፋቀ ወረደ።

ዓይኑን ሲገልጥ እጇ እንደተዘረጋ ነው፣ ባዶውን። ፊቷ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ሆኗል። ከዚያ ጉሙ መሀላቸው ገባ። ጉሙ ሲሳሳ ሳማና ድንጋይ ብቻ ቀረ።

ያኔ ሮጠ! አጥሩን ጥሶ ሮጠ፣ ኮቱን እሾሁ ላይ ጥሎ ሮጠ። የትኛውን መንገድ እንደያዘ አያውቅም። ሚስስ ፕሬንቲስ ከእህታቸው ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ከንፈሩ ላይ አፈር አለ።

«ሐኪም ልጥራ?» አሉ።

«አይ፣ አይቸገሩ» አለ። አልጠሩም።

አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። በሁለተኛው እሁድ ተነሣ፣ በአውቶቡስ፣ በሰው መሀል ተቀምጦ ነጩ አጋዘን ሄደ። ገና ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ በሩ ሲከፈት እሱ ነው መጀመሪያ የገባው። ለሚስተር ሆስኪን ሁሉንም ነገረው። ሰሌዳውን፣ እሳቱን፣ ሴትዮዋን። ሚስተር ሆስኪን ብርጭቆ እየወለወለ ያዳምጣል። ጣሪያ የለም ሲባል ወለወለ። ሳማው በውስጧ አለፈ ሲባል ወለወለ።

«በስንት ሰዓት ነበር?» አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ግድም።»

ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። «እሁድ? በዘጠኝ ሰዓት? ያ እኮ ከሰዓት ውጭ ነው! ሕገ ወጥ ነው!»

ሙት መሆኗ አላስደነገጠውም፤ ያስደነገጠው ያለ ሰዓቷ ማስተናገዷ ነው። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐና ታክዌል ናት» አለ። «በአያቴ ዘመን የነበረች። አንድ የበረዶ እሁድ ከተዘጋ በኋላ መንገደኛ አንኳኳ። በሩን ሳትከፍት፣ ምግብ ፈልገህ ነው? አለችው። የሚያስቸግር ከሆነ ይቅር አላት። እሺ አለች፤ ተኛች። በማግሥቱ በሩን ስትከፍት ሰውየው እንደተደገፈ ወደ ውስጥ ወደቀባት። በረዶ ሆኖ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ድስቷን ከእሳት አላወረደችም፤ በሯንም አልዘጋችም።»

«ሌላ ሰው አይቷታል?» አለ ወንድይፍራው።

«ሁለት ሰዎች። አንድ ድስት ጠጋኝ፣ አንድ መሬት ለኪ። ሁለቱም ፍርስራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነው የተገኙት፤ አፋቸው እስከ ጉሮሯቸው አፈር ተጠቅጥቆበት።»

ወንድይፍራው ጉሮሮውን ያዘ። «የበሉት ናቸው?»

«አይደለም» አለ ሚስተር ሆስኪን። «እምቢ ያሉት ናቸው። ከአጥሩ ማዶ የነበረ እረኛ መሬት ለኪውን ሰምቶታል። ባዶ ፍርስራሽ ውስጥ ቆሞ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ይላል። ሦስት ጊዜ ነው ያለው። በጣም ጨዋ ሰው ነበር።»

ከዚያ ወንድይፍራውን ትክ ብሎ አየው። «አንተ ስንት ጊዜ እምቢ አልክ?»

ወንድይፍራው በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«ሁለት» አለ።

ሚስተር ሆስኪን ወደ ጓዳ ገባ። ጥብስ የተቆለለበት ሳህን ይዞ መጣ፣ ማንኪያውን አነሣና «ልጨ…» ሲል ወንድይፍራው «እሺ!» አለ። ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ እስኪያየው ጮኾ ነው ያለው።

አገሩ ከተመለሰ በኋላ በዚህ ጠባዩ ስሙ ጠፋ። «ብላ» ሳይባል «እሺ» የሚል ሰው ሆነ። ሊያጩለት ይዘውት በሄዱበት ቤት የልጅቷ እናት ገና ሌማቱን ሳትከፍት «እሺ» ብሎ ጋብቻው ፈረሰ። ሆዳም አሉት። ያፈር ጣዕም ለማን ይነግራል?

አረፈች ወይ? ትላላችሁ። ፊቷ ያረፈ ይመስል ነበር፤ እሱ እንዲያ ነው የሚለው። እኔን የሚጨንቀኝ ሌላ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ሰምታችኋል? እንግዳ አንዴ ጎርሶ አይሸኝም፤ ሁለተኛ ይሰጠዋል። ወንድይፍራው አንዷን ብቻ ጎርሶ ነው የሮጠው። ሁለተኛዋ ቀርታለች። በሞቴ ማለትንም አማርኛንም ተምራለች።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጉም ሲወርድ ብቻችሁን አትሂዱ። እዚህም ቢሆን አትሂዱ። ግድ ሆኖባችሁ ከሄዳችሁ፣ ሰው ከሌለበት ቤት ሽታ መጥቶ ድምፅ «ብሉ» ካላችሁ፣ እምቢታችሁን ቁጠሩ።